ሁለት ጣት ትርፍ

ግንቦት 4

ዛሬም ያው ነው። አክስቴ ቀድማኝ ተነስታ ሱቁን ከፍታለች። ስወርድ የመስኮቱን መስታወት በጋዜጣ ስታሽ አገኘኋት። ምንም ያልቆሸሸውን! ሥራ ስታጣ መስታወት ታሻለች። በዚህ አያያዟ መስታወቱ ሊያልቅ ነው…

ከላይ እንተኛለን፣ ከታች እንሰፋለን። ማለቴ… እሷ ትሰፋለች፣ እኔ "እመክራለሁ"። ማኔጅመንት ተመርቄ ለሁለት ሳምንት ብዬ መጥቼ ሁለተኛ ወር ያዝኩ። ትልቁ ከተማ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ድምፃቸው የለም። አክስቴ ስሜን ትታዋለች። "ምሩቋ፣ ክሩን አቀብዪኝ። ምሩቋ፣ ካውያው ጋለ ወይ?"

የዛሬ ደንበኛ አንድ። የጃኬቱ ዚፕ የተበላሸበት ፈረንጅ ገበሬ። አክስቴ ስለ እናቱ ጠየቀችው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ላሞቹ። ሰውዬው "አስጥዪኝ" በሚል ዓይን ያየኛል። በመጨረሻ እሱም በተራው ጠየቃት።

"ከየት ነው የመጣሽው?"

"ከልብስ ፋብሪካው።"

አልዋሸችም እኮ።

ግንቦት 6

እዚህ ከተማ ዋናው መንገድ አንድ ነው፤ ሌላው ሁሉ ወደ እርሻ የሚወስድ ነው። ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። በዚህ በሰው አገር እኛን የሚመስል እኛ ብቻ ነን። መስኮታችን ጋ ሲደርሱ እግራቸውን ቀስ ያደርጋሉ፣ አየት ያደርጋሉ፣ ያልፋሉ። ክፋት የላቸውም። ብቻ… መጀመሪያ የሚገባውን ሰው እየጠበቁ ይመስለኛል። ሁሉም እየጠበቀ ማን ይግባ?

አክስቴን ጠየቅኳት። ፋብሪካው ደመወዙ አይቋረጥም ነበር፣ ጓደኞችሽም እዚያ ነበሩ፣ ምን አስለቀቀሽ? መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች፦

"እጅጌ ብቻ ስሰፋ ኖርኩ። ሸሚዙን ሙሉውን አይቼው አላውቅም። እጅጌው ከእጄ ሲወጣ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። ልጅ ወልጄ እጁን ብቻ ያሳደግኩ ያህል ነው የሚሰማኝ።"

ከዚህ በኋላ ምን እመክራታለሁ?

ጎረቤታችን ጋጋሪው የቤቱም ባለቤት ነው። ስሙን መጥራት ስላልቻለች "ጋሼ ዳቦ" ትለዋለች። ጋሼ ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሲያልፍ ወገቡን ቀና ያደርጋል። ጠዋት ጠዋት ትኩስ ዳቦ ይዞ ሲመጣ አክስቴ በር ላይ ትይዘዋለች። "ከሳህ! ምን ሆነሃል? አትበላም እንዴ? ዳቦ እየጋገረ የሚራብ አንተን አየሁ!" የሚከሳ ሰው አይደለም። ሆዱ ከሱ ቀድሞ ነው በር የሚገባው።

ትናንት ግን በጎን ጠርቶ ነገረኝ። ኪራዩ ሰኔ መጨረሻ ያልቃል። ሰው መግባት ከጀመረ እንቀጥላለን። ካልሆነ የእህቱ ልጅ ክፍሉን ብስክሌት ሊያከራይበት ይፈልጋል። ሲነግረኝ መሬት መሬት ያያል። ለአክስቴ ነገርኳት። "ታዲያ ዘመዱ ነው፣ ምን ያድርግ?" አለች። ከዚያ መስታወት…

ካልቀጠልን እጅጌ ነው የሚጠብቃት።

ግንቦት 9

ተስፋ አለ! የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ በየካቲት ጨርቅ አምጥታ ልኳን ሰጥታ ሄዳ ነበር፤ ለልጇ ሠርግ የምትለብሰው ቀሚስ። አክስቴ "እትዬ ክኒን" ነው የምትላት። ቀሚሱን እየነካች፣ እየተወች፣ እያለመች፣ ይኸው ደረሰ። ሰማያዊ ነው፣ ምሽት ሊሆን ሲል ያለው ሰማይ ዓይነት። ሰኞ ለክታ ልታየው ትመጣለች።

ከተማው ሁሉ የሚያልፈው በሷ እጅ ነው። ያልታመመ የለማ! እሷ ከወደደችው ሌላው ይከተላል። ይህንን ለአክስቴ በትምህርት ቃላት አስረዳኋት። "እንዳልሽ ምሩቋ" አለችና ወደ ጠርዙ ተመለሰች።

ግንቦት 11

ጉድ ሆንን።

እትዬ ክኒን ከሁለት ጓደኞቿ ጋር መጣች። ከመጋረጃው ጀርባ ቀሚሱን ለበሰች፣ ወጣች፣ መስታወት ፊት ቆመች። አክስቴ ዚፑን ከታች ጀምራ ሳበችው። ወገቧ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሳበችው። እምቢ አለ።

አክስቴ ግን አጨበጨበች!

"እሰይ! ወፍረሻል! ተመስገን! ፊትሽም ሞላ፣ ዳሌሽም ወጣ! በየካቲት እኮ እንጨት ነበርሽ!"

በፋብሪካ ድምፅ። ከማሽን ጩኸት በላይ መናገር የለመደች ሴት ናት፤ ስታንሾካሹክ እንኳ መንገድ ማዶ ይሰማል። አንደኛዋ ጓደኛ ጣሪያውን አየች። ሌላኛዋ ጫማዋን። እትዬ ክኒን አንገቷ ድረስ ቀላች። ተመልሳ ቀየረች፣ ቀሚሱን ስፒሉ እንደተሰካበት ጠቅልላ ብብቷ ሥር አደረገች፣ "አመሰግናለሁ" አለች። በረዶ የሆነ አመሰግናለሁ። ሦስቱም ወጡ።

"ምን ነካት? ስፒል ወጋት እንዴ?"

"አክስቴ… ወፍረሻል አልሻት እኮ!"

"ታዲያ ከስተሻል ልበላት? ምን በደለችኝና?"

ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። እዚህ አገር ወፍረሻል ስድብ ነው፣ ያውም ለሠርግ ቀሚስ፣ ያውም በሰው ፊት። መጀመሪያ ቀለድሽ አለችኝ። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ጣቷ ላይ ትጠቀልለው፣ ትፈታው፣ ትጠቀልለው ጀመር።

"መረቅኳት ብዬ… ሰደብኳት?"

ግንቦት 12

ማንም አልገባም።

ግንቦት 15

ከእትዬ ክኒን ጓደኞች አንዷ መጋረጃ ልታሰፋ ያመጣችውን ጨርቅ መልሳ ወሰደች። "ሐሳቤን ቀየርኩ" አለች። ዳቦ ለመግዛት ስሰለፍ ከኋላዬ ያወሩ የነበሩ ሴቶች ዝም አሉ። ወሬው እኛ ነን ማለት ነው።

ከሰዓት የጋሼ ዳቦ የእህት ልጅ መጣ። ብስክሌቶቹ ግድግዳው ላይ ይሰቀሉ እንደሆን ሊለካ። ብቻውን ነው፣ የብረት ሜትሩ እያመለጠ ተጠቅልሎ ይመለስበታል። አክስቴ አላስቻላትም። ሄዳ ጫፉን ያዘችለት!

"ቀጥ አድርገህ ያዘው የኔ ልጅ። ልክ ከተዛባ ሁሉም ነገር ይዛባል።"

ቤቷን ሊወስድ የመጣውን ልጅ! እንዲህ ያለች ሴት ምን ይደረጋል? ወጥቼ መንገድ ላይ ቆየሁ። ማልቀስ ይሁን መሳቅ ያማረኝ እንጃ።

ግንቦት 18

ወሰንኩ። ለምን ተማርኩ ታዲያ? ይህ የአሠራር ችግር ነው፣ አሠራር ደግሞ ይስተካከላል። ለአክስቴ ልምምድ ጀመርኩላት። ለደንበኛ ሦስት ነገር ብቻ ይባላል፦ እንኳን ደህና መጡ። ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው። መልካም ቀን። ስለ ቤተሰብ አይጠየቅም። ስለ ሰውነት በጭራሽ! እኔ ደንበኛ ሆኜ በሩን ከፍቼ እገባለሁ።

"እንኳን ደህና መጡ።"

"ጤና ይስጥልኝ፣ ሱሪ ላሳጥር ነበር።"

"ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው። …አንቺ ግን ዓይንሽ ሥር ጠቁሯል፣ አልተኛሽም እንዴ?"

"አክስቴ!"

"እሺ፣ እሺ። መልካም ቀን።"

"ገና መግባቴ እኮ ነው!"

እየተሳሳቅን ተውነው። ነገ እንቀጥላለን።

ግንቦት 26

ልምምዱ ሠራ። እንዲያውም ከልክ በላይ። አክስቴ አፏን እንደማታምነው ስላወቀች ዘዴ ፈጠረች፤ የበሩ ደወል ሲሰማ ስፒል ከንፈሯ ላይ ትደረድራለች። ስፒል የያዘ አፍ አያወራም። ራሷን ትነቀንቃለች፣ ልክ ትወስዳለች፣ በእጇ ምልክት ትሸኛለች። የዚፑ ገበሬ ጃኬቱን ሊወስድ መጥቶ ግራ ገባው። "ላሞቹ ደህና ናቸው" አላት፣ ሳትጠይቀው። ራሷን ነቀነቀች። ትንሽ ቆመ… ወጣ።

ማሽኗ ላይ ስትሆንም አታንጎራጉርም አሁን። ቤቱ ጭር አለ። ትክክል ነው ያደረግኩት አይደል?

ሰኔ 3

ጋሼ ዳቦ በጓሮ በኩል ጠራኝ። ክንዱ ድረስ ዱቄት ነው።

"አክስትሽን ምን አስቀየምኳት?"

"ምንም። ለምን?"

"ከሳህ ማለት ተወች። ዛሬ ጠዋት 'አየሩ ጥሩ ነው' አለችኝ። ዝናብ እየጣለ!"

የኔ ትምህርት ነው ብዬ ነገርኩት፣ ከቀሚሱ ጀምሬ ሁሉንም። ሲሰማኝ ቆየና ሊጡን በጡጫ መታው።

"ባለቤቴ ከሞተች በኋላ በልተሃል ወይ ብሎ የሚቆጣኝ ሰው አልነበረኝም። አሁን እሱንም አንቺ ቀማሽኝ።"

እያሾፈ መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳየው አላሾፈም።

ማታ ለአክስቴ ነገርኳት። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ተያቸው፣ ተሳስቻለሁ አልኳት። በደስታ ትዘላለች ብዬ ስጠብቅ፦

"ለጋሼ ዳቦስ እሺ። ከእትዬ ክኒን ሳልታረቅ ግን አፌን በምን ድፍረት እከፍታለሁ?"

ሰኔ 4

አክስቴ ሽማግሌ ልትልክ ነው። እዚህ! ለመድኃኒት ቤት!

"አክስቴ፣ እዚህ አገር ይቅርታ የሚል ሰው በስልክ መልእክት ይልካል፣ አለቀ።"

"መልእክት በር ላይ ቆሞ ይለምናል? እግሩ ይደክመዋል? ያልደከመው ይቅርታ ምኑ ይቅርታ ነው!"

"ማንን ልትልኪ?"

"ጋሼ ዳቦን። ሸብቷል፣ ተከባሪ ነው። አንቺ ትከተይዋለሽ።"

"ሽማግሌ ሦስት አይደለም እንዴ?"

"ሦስተኛው እግዜር ነው። እሱ ይሙላበት።"

ለጋሼ ዳቦ ሥርዓቱን አስተማረችው። ትቆማለህ። ተቀመጥ ብትልህ አትቀመጥም። ውኃ ብትሰጥህ አትጠጣም። ይቅር ብያለሁ የሚለው ቃል ከአፏ እስኪወጣ። ጋሼ ዳቦ ደጋግሞ ጠየቃት፣ "ብቀመጥስ?" "ከተቀመጥክማ እንግዳ ሆንክ፤ ሽማግሌነትህ ቀረ።" በጣም ደስ ብሎታል። ምን ዓይነት ሸሚዝ ልልበስ አለ።

ኪራዩን ሊያቋርጥ የነበረው ሰው እኮ ነው…

ሰኔ 6

ሳልረሳው ልጻፈው።

መድኃኒት ቤቱ ሰው አለበት። እትዬ ክኒን ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ከባንኮኒው ጀርባ። ጋሼ ዳቦ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ የተቀባ ፀጉር። እኔ ከኋላው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እየተመኘሁ።

"ምን ልስጥህ? ለጉልበትህ ነው?"

"ምንም። ለሽምግልና ነው የመጣሁት።"

"ለምን?"

"ልብስ ሰፊዋ ይቅርታ ትጠይቅሻለች። እስክትምሪያት እዚህ እቆማለሁ።"

እትዬ ክኒን እኔን አየችኝ። መደርደሪያውን አየሁ። ሰዎቹ መድኃኒታቸውን መጠየቅ ረሱ።

"በሰው ፊት ወፍረሻል አለችኝ" አለች ቀስ ብላ። "የልጄ ሠርግ ላይ እንዳልሄድ አድርጋኛለች።"

"እኔንስ? በየቀኑ ከሳህ ትለኛለች!" ጋሼ ዳቦ ዞር ዞር አለና ጥግ ያለው ሚዛን ላይ ወጣ። መርፌው ሄደ፣ ሄደ… "እዩት! ይሄ የከሳ ሰው ነው? አፏና ሜትሯ አይገናኙም። በአፏ የምትለካው ሌላ ነገር ነው።"

ሰው ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ሳሉ እስኪነሳበት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"ውረድ፣ ወንበር ያዝ።"

"አልቀመጥም።"

"ጉልበትህን አውቀዋለሁ። መድኃኒቱን የምሰጥህ እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ካወቅሽ ምን ትጠብቂያለሽ?"

ወደ ሥራዋ ዞረች። ሰው ገባ፣ ወጣ። ጋሼ ዳቦ ቆመ። ላብ ግንባሩ ላይ መጣ። ቀኝ ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በእጁ ያዘው። ጋሼ ይበቃል፣ እንሂድ አልኩት። "ሂጂ አንቺ፣ እኔ አሁን ገና እየለመድኩት ነው" አለኝ። እትዬ ክኒን ጀርባዋን ሰጥታ ካርቶን ትደረድራለች፣ ግን በጎን ጉልበቱን ታያለች። አየች… አየች… በመጨረሻ ካርቶኑን ወረወረችው።

"እሺ! ይቅር ብያታለሁ! ተቀመጥ አንተ ግትር!"

ወደቀ ማለት ይቻላል ወንበሩ ላይ። ከዚያ ውኃ ለመነ።

"ለጉልበቱ ስል ነው" አለችኝ ስንወጣ። "ቀሚሱን ግን አላመጣም።"

ለአክስቴ ስነግራት ዓይኗ እንባ ሞላ። ቀሚሱስ አልኳት። "ልብስ ልብስ ነው። ሰላም ወረደ አይደል?"

ሰላም ወረደ። ሰኔ መጨረሻ ግን እየመጣ ነው።

ሰኔ 8

ልንዘጋ ስንል ደወሉ ተሰማ። እትዬ ክኒን። ብቻዋን። ብብቷ ሥር ጥቅል አለ።

አክስቴ እጇ ወዲያው ወደ ስፒሉ ሄደ። ተመለሰ። ሄዳ አቀፈቻት፣ ሦስት ጊዜ ሳመቻት፤ ሴትዮዋ ሁለተኛው ላይ ጨርሳ ስለነበር ሦስተኛው ጆሮዋ ላይ አረፈ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት" አለች። "ዚፑ እምቢ ሲል… ለምንድነው ደስ ያለሽ?"

አክስቴ ጥያቄው ራሱ ገረማት።

"ሰው ፊቱ ሲሞላ በልቷል፣ ተኝቷል፣ ቤቱ ሰላም ነው ማለት ነዋ። በየካቲት ልክሽን ስወስድ አጥንትሽ እጄን ይነካኝ ነበር። ይቺን ሴት ምን አገኛት እያልኩ ነው ቀሚሱን የሰፋሁት።"

እትዬ ክኒን አግዳሚ ወንበሩ ላይ፣ ክር የተከመረበት ላይ፣ ሳታነሳው ተቀመጠችበት።

"ባሌ ጥሎኝ የሄደ ሰሞን ነው። እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? 'እንዴት አምሮብሻል! ምስጢሩን ንገሪን!'"

ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ። አክስቴ ከጎኗ ተቀመጠች፣ እሷም ክር ላይ።

በኋላ ቀሚሱን ገልብጣ ውስጡን አሳየቻት። በየስፌቱ ግራና ቀኝ ያልተቆረጠ ጨርቅ ታጥፎ ተኝቷል።

"ፋብሪካ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ አይተውም፤ ብክነት ነው ይላሉ። እኔ ግን ለሰፋሁለት ሰው ሁሉ ሁለት ጣት ትርፍ እተዋለሁ። ይጨምራል ብዬ ተስፋ ስለማደርግ።"

ፈትታ ለመስፋት ብዙም አልፈጀባትም። ዚፑ ሽቅብ ወጣ። እትዬ ክኒን መስታወት ፊት ቆመች።

"በይ አሁን በይኝ" አለቻት።

"ምን ልበልሽ?"

"ታውቂዋለሽ።"

አክስቴ እኔን አየችኝ፤ ፈቃድ የምትጠይቅ መስላ። ምን አግብቶኝ!

"ወፍረሻል!" አለች፣ መንገድ ማዶ እስኪሰማ።

ሰኔ 17

እጄ ቦዝኖ አያውቅም ሰሞኑን። ሙሽራዋ መጣች፣ ሚዜዎቹ መጡ፣ የሚዜዎቹ እናቶች መጡ። መጋረጃውም ተመለሰ! እትዬ ክኒን ለመድኃኒት ቤቱ ሰው ሁሉ ታወራለች መሰለኝ፤ ዛሬ አንዷ ሴት ገና ከመግባቷ "እኔስ? እኔስ እንዴት ነኝ?" አለች። አክስቴ አገላብጣ አየቻት። "አንቺ ትንሽ ይቀርሻል። ብዪ።" ሴትዮዋ ቅር ብሏት ወጣች ብዬ ደነገጥኩ። ቀሚስ አዝዛ ነው የወጣችው።

ሁሉም አልወደደንም። እያየ የሚያልፍ አሁንም ያልፋል። የእትዬ ክኒን ያቺ ጫማዋን ያየችው ጓደኛ ሰላምታዬን አትመልስም። ይሁን።

ጋሼ ዳቦ ብስክሌቱን ከምድጃው ጀርባ ላስቀምጥልህ ብሎ ለእህቱ ልጅ ነገረው። ልጁ ተቆጣ። "ቤቱን ለክቻለሁ እኮ!" ጋሼ ዳቦ፦ "እሷም ለክታሃለች። ሱሪህን እንዲያሳጥሩልህ ላክ፤ ሰንሰለት ውስጥ ይገባብሃል።"

ሌላ ዓመት ተፈራረሙ።

ሰኔ 25

ትልቁ ከተማ ተቀጠርኩ! ስልኩን ጓሮ ሄጄ ነው ያነሳሁት። ከዘጋሁት በኋላ ግን እግሬ ወደ ቤት አልገባም ብሎኝ ቆየ። እንዴት ልነግራት?

ስነግራት ማሽኗን አላቆመችም።

"ሂጂ! መካሪ በዝቶብኛል።"

ማሽኑ ሄደ፣ ሄደ… ኋላ ሳየው ክር አልነበረውም። ባዶውን ነው ስታስኬደው የቆየችው።

ሐምሌ 19

አዲሱ ክፍሌ መስኮቱ የሌላ ቤት ግድግዳ ያሳያል። ሥራው ጥሩ ነው። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። ዛሬ የመጀመሪያውን ሪፖርቴን አለቃዬ ወደደው፤ ከስብሰባው ወጥቼ ቀጥታ የደወልኩት ለአክስቴ ነው።

አክስቴ ስልክ መዝጋት አትችልም። ሰው ፊት በር እንደመዝጋት ነው የምትቆጥረው። ደህና ዋዪ ካለች በኋላ ሌላ ወሬ ይጀመራል፣ እንደገና ደህና ዋዪ፣ እንደገና… ሁልጊዜ የምዘጋው እኔ ነኝ። ስለዚህ ተደላድዬ ተቀመጥኩ፤ ሁሉንም ልነግራት ነው።

"አክስቴ፣ ዛሬ ምን ሆነ መሰለሽ…"

ከኋላዋ ጫጫታ። ጋሼ ዳቦ "እንሂድ እንጂ!" ይላል። የእትዬ ክኒንም ድምፅ አለበት።

"ማን ነው? የት ልትሄጂ ነው?"

"የዚፑ ገበሬ ከወንድሙ ጋር በአጥር ከተጣላ ዘመናት ሆኖታል። ዛሬ መጥቶ 'ያንን የመቆሙን ነገር ለኔም አድርጊልኝ' አለኝ። ልንቆምለት ነው።"

"ሱቁስ?"

"ዘግቼዋለሁ። ይጠብቁኛ! ስድስት ሱሪ ነው ያለብኝ፣ የትም አይሄድም።"

"እኔ እኮ ሪፖርቴን…"

"ነገ ትነግሪኛለሽ የኔ እናት። ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።"

ዘጋችው።

አክስቴ! በኔ ላይ! ደህና ዋዪ እንኳ ሳትል! ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ብቻዬን ሳቅኩ…